የከበደ ክላች

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ከእርባታው ሃያ ትሪ። ስድስት መቶ እንቁላል። ደህና 588፣ የተሰነጠቀ 9፣ የፈሰሰ 3።

ዘጠኝ ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ከአራት አልፎ አያውቅም። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ተቦርቡሯል። የሞተር ሳይክሌም የኋላ ሞላ አርጅቷል። ከሁሉ የባሰው ግን ክላቹ ነው፤ ከብዷል። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ሞተሩ ይነጥራል፣ ትሪው ይንገጫገጫል። መካኒኩ ቡሎን ጋ ሄዶ የክላቹን ሽቦ፣ ካቦውን ማስቀየር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ካቦው ተቀየረ። ቡሎን አሮጌውን በጣቱ እያሻሸ፣ “እትዬ፣ ይሄ እኮ ገና ሁለት ዓመት ይሠራ ነበር” አለ።

“ላንተ ነዋ፣ እጅህ ጉልበተኛ ነው።”

“የኔ እጅ? እኔ የታሸገ ውሃ እንኳ የምትከፍትልኝ ሚስቴ ናት!”

ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ መሰለኝ።

አርብ፣ ሰኔ 7

ደህና 585፣ የተሰነጠቀ 11፣ የፈሰሰ 4። ከፈሰሰው ሦስቱ ሲራገፍ ከእጄ ያመለጠ ነው። በመንገዱ ሂሳብ ቆጥሬዋለሁ።

ኬክ ጋጋሪው ሁለት ትሪ መለሰብኝ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር” አለ ሠራተኞቹ እንዲሰሙለት ጮክ ብሎ፤ “የእትዬ ግን በሞተር ተሳፍሮም መንገድ ላይ ቀረ።” ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ደንበኛ ሲቀልድ መሳቅ የሥራው አካል ነው።

ሞተሩን መለወጥ ሳይኖርብኝ አይቀርም። አሥራ አንድ ዓመት ነድቼዋለሁ። ብረትም ቢሆን ዕድሜ አለው።

እሁድ፣ ሰኔ 9

ዛሬ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ተኝቷል፣ ልጄ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች። ለመጻፍ ጊዜ አለኝ።

ስንጥቅ እንቁላል በዓይን አይያዝም። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ከውጭ አይታይም፤ በማግስቱ ግን የገዛው ሰው ጓዳ ይሸታል፣ ደንበኛም ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት እንቁላል በግራ መዳፍ ይያዝና በጣት እየተሽከረከረ ቀስ ብሎ እርስ በርሱ ይጋጫል። ደህናው እንደ ጠጠር ኳ ይላል። የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ቀኝ እጅ ደህናውን እየተቀበለ ትሪው ላይ ይደረድራል። እኔ ስድስት መቶውን በአንድ ሰዓት እጨርስ ነበር። ትናንት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሦስተኛው እንቁላል ከመዳፌ እየሾለከ አስቸገረኝ። በመጨረሻ ሁለት ሁለት እያደረግኩ ጨረስኩ። ሁለትም ይበቃል፤ ድምፁ ያው ነው።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ እያወራች፣ ከገዢ ጋር እየተከራከረች፣ እጇን ሳታይ ታጋጭ ነበር። በኋላ እንቁላል ከእጇ መውደቅ ሲጀምር፣ “የዘንድሮ እንቁላል ቅርፊቱ ያንሸራትታል” ትል ነበር። ብርጭቆ ሲወድቅባት ደግሞ ብርጭቆው ያንሸራትታል። ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም። የጀመርኩት ስለ ሞተር ነበር።

አዲስ ሞተር ቢገዛ የሚያስፈልገው፦ ለስላሳ ሞላ፣ ሰፊ የጎን መጫኛ፣ ክላች የሌለው ቢሆን ይመረጣል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ደህና 586፣ የተሰነጠቀ 10፣ የፈሰሰ 4።

ጠዋት ባለቤቴ የዝናብ ካፖርቴን ቁልፍ ቆለፈልኝ። አልጠየቅኩትም። ቆለፈና እጄን ገልብጦ አየው፣ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ያለውን ቦታ በጣቱ ጫን አደረገ።

“እዚህ ጋ ምን በላው? ጎድጉዷል።”

“እርጅና በላው።”

“ቀኙ እኮ ሙሉ ነው። እርጅና በግራ በኩል ብቻ ነው የሚገባው?”

“ወደ ሥራህ ሂድ” አልኩት። ሰው ፀጉር ሲያስተካክል ግራና ቀኝ ማመዛዘን ይለምዳል፣ ሁሉን በዚያ ያያል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ቡሎን ጋ እንደገና ሄድኩ። ካቦው ብቻውን አልበቃም። የክላቹን እጀታ ረዘም ባለ አስለወጥኩት፣ ረዘም ያለ በትንሽ ጉልበት ይሳባል። ቀባው፣ አስተካከለው፣ በትንሿ ጣቱ ስቦ አሳየኝ። “እንደ ቅቤ” አለ።

ሂሳብ ከፍዬ ጥግ ዞሬ ሄልሜቴን ከሞተሩ መሪ ላይ ስፈታ ለጎረቤቱ ለጎማ ጠጋኙ ሲነግረው ሰማሁ። “ሞተሩ ምንም የለበትም። እትዬ ናቸው የደከሙት፣ አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል።” ጎማ ጠጋኙ፣ “አንተ ንገራቸዋ” አለው። “እኔ? ደንበኛዬን?” አለ።

ትክክል ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልናገርም።

የሄልሜቱ ማሰሪያ ብዙ ቆየብኝ። በጥርሴ ፈታሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ሞተር ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰዎች ሳቂታው ይሉታል፣ ግን ሲሸጥ አይስቅም። የኔን ሞተር ዞሮ ዞሮ አየው፣ ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠግቶ አስነሳው፣ የጭስ ማውጫውን በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን አሸተተ። ሥራውን ያውቃል። ከኔ ሞተር ጋር የሚለወጥ ሁለት አለኝ አለ።

የመጀመሪያው አውቶማቲክ ነው። ማርሽ የለውም፣ ክላች የለውም። ሳየው ልቤ አረፈ። “ይዘሽው ዙሪ” አለኝ። ግቢውን አንዴ ዞርኩ፣ እንደ ወንበር ምቹ ነው። ስመለስ ግን አልቆም አለ፤ የቆመው የመኪና ጎማ ክምር ላይ ነው።

“የኋላውን ፍሬን ያዢ እንጂ!”

“የት አለ?”

“በግራ እጅሽ ነዋ። ክላች ስለሌለው ግራው ፍሬን ነው።”

ከሞተሩ ወረድኩ። ምንም አልተጎዳም፤ ሳቂታው ግን እጄን አየ። ጓንት ባደርግ ይሻል ነበር።

“ሌላም አለ” አለ ዝግ ብሎ፣ “ያ ደብዳቤ አመላላሾች የሚነዱት። ማርሹ በእግር ነው፣ ክላቹን ራሱ ይሠራዋል፣ ፍሬኑ ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ላይ ነው። ግራ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ትነጂዋለሽ።”

አየሁት። ዞሬ አየሁት። የምፈልገው እሱ ነው።

“መጫኛው ጠባብ ነው” አልኩና ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ደህና 583፣ የተሰነጠቀ 12፣ የፈሰሰ 5።

ሳቂታው ሁለቴ ደወለ። አላነሳሁም። የፈለግከውን ዕቃ እንደፈለግከው ካሳየህ የሻጩ ገበያ ሆንክ ማለት ነው። ይደውል። ሰፊ የጎን መጫኛ ገጥሞ ይስጠኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። እስከ ሐሙስ ይለዝባል።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ዝናብ። ዘገየሁ። ደህና 584፣ የቀረውን አልለየሁም። ሳቂታው በስልክ መልእክት መጫኛውን በግማሽ ዋጋ አለ። በነጻ እስኪል እጠብቃለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 26

ወደቅን። ባለቤቴ ክንዱ። ቀኝ ክንዱ። እኔ ደህና ነኝ። ካቦው ለቀቀ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 27

ጀሶ አደረጉለት። ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ስድስት ሳምንት አሉ፣ ምናልባት ስምንት። ተኝቷል። የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

እንቁላሉን አራግፌ ባዶ ትሪ ይዤ ስመለስ ባለቤቴን ፀጉር ቤት ላደርሰው ከኋላዬ ጫንኩት፤ እንደየቀኑ ነው። ትልቁ መጋጠሚያ ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆምን። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ክላቹን ይዤ ነው የቆምኩት፤ ሁሌም እንዲሁ ነው። የጭነት መኪና ከቀኝ ይመጣል። ባለቤቴ ትናንት ስለላጨው ሰውዬ ይነግረኝ ነበር፣ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ስልክ ተደውሎለት ስለሮጠው። ሳቅሁ። ከዚያ ክላቹ ተለቀቀ። እኔ አልለቀቅሁትም፣ ተለቀቀ። ሞተሩ ዘሎ ወደ መንገዱ ገባ። የጭነት መኪናው የኋላ ጥግ መሪውን መታው። እኔ በግራ ወደቅኩ፣ እሱ በቀኝ፣ አስፋልቱ ላይ፣ እጁን አስቀድሞ።

“አለቃ፣ ደህና ነሽ?” ነው ያለኝ መጀመሪያ። አለቃ ነው የሚለኝ። ክንዱ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ እያለ።

ለሰዎቹ ሁሉ ካቦው ተበጠሰ አልኩ። ለትራፊኩም አልኩ።

ዛሬ ከሰዓት ቡሎን ሞተሩን ገፍቶ ቤት ድረስ አመጣው። መሪውን አቅንቶታል። ከኪሱ ካቦውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሙሉ ነው። ጫፍና ጫፉ በቦታው አለ፣ አንድ ክር እንኳ አልላላም። “ባለቤትዎን እግዜር ይማርልኝ” ብሎ ወጣ። ሂሳብም አልጠየቀ።

ሞተሩን ባለፈው ሐሙስ ለውጬ መምጣት እችል ነበር። ያኛው በእጅ የሚያዝ ክላች የለውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያስጠበቅኩት ለጎን መጫኛ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ሳትቸኩል ያፈሰሰችውስ? የተሰበረ ክንድ አይለቀምም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

እንቁላሉን በተከራየሁት ባለ ሦስት እግር ባጃጅ አመጣለሁ። አሥር ትሪ ብቻ። ደህና 291፣ የተሰነጠቀ 6፣ የፈሰሰ 3።

ባለቤቴ በግራ እጁ መብላት አልለመደም። እኔ በግራ እጄ መያዝ አልችልም። ዛሬ ድስት ከምድጃ ልናወርድ፣ እሱ በግራው፣ እኔ በቀኜ አነሳን። “ይኸው” አለ፣ “ሁለታችንም ተደምረን አንድ ጤነኛ ሰው ወጣን።” ልጄ እየሳቀች ከመካከላችን ገብታ ድስቱን ተቀበለችን። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። ድስት ብቻዬን ማንሳት ሲያቅተኝ አይታ አታውቅም ነበር።

“እማዬ፣ ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ጊዜ አለኝ።”

“ብርድ ነው።”

“ብርድም ከሆነ ይታይ።”

ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ቆይቷል። ደንበኞቹ ከታች ያለው ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ ጀምረዋል። እሱ አያውቅም፤ አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ቀዝቃዛ ነው። በትንሽ መዶሻ ጉልበቴንና ክርኔን መታች። ጣቶችዎን ይዘርጉ፣ ይሰብስቡ። አውራ ጣትዎንና ጠቋሚዎን ያገናኙ፣ እኔ ላላቅቅ ልሞክር፣ ይከልክሉኝ። ቀኙን አልቻለችውም። ግራውን በአንድ ጣቷ አላቀቀችው። ከዚያ ብርሃን አስጠግታ ክንዴን ብዙ አየች። ቆዳዬ ሥር ትል እንደሚሄድ ያለ እንቅስቃሴ አለ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ነው፣ ድካም ነው ብዬ ነበር።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል እጽፍልዎታለሁ አለች፤ የነርቭና የጡንቻ ምርመራ። የሕመሙን ስም አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኩም። ዋጋውን ሲጠይቁት “ቆይ፣ መጀመሪያ እዩት” የሚል ነጋዴ ዋጋው ትልቅ ነው ማለት ነው።

ብዕሯን አነሳች። “በቤተሰብዎ እጁ ወይም እግሩ እንዲህ እየደከመ የሄደ ሰው ነበር? እናት፣ አባት፣ የእናት ወገን?”

ልጄ በሩ አጠገብ ቦርሳዬን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

“ማንም የለም” አልኩ።

“እናትዎ በምን አረፉ?”

“በብርድ።”

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ግን ራሷን ነቀነቀች። “አዎ፣ አያቴ በብርድ ነው የሞተችው” አለች። እኔ የነገርኳት ነው። አራት ዓመቷ ነበር።

ሐኪሟ “ማንም የለም” ብላ ጻፈች። ስትጽፍ አየሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ሳቂታው ደወለ። አነሳሁ።

“እትዬ፣ አሸነፍሽ። መጫኛውን በነጻ ገጥሜዋለሁ። ያንቺን አምጪ፣ ይሄን ውሰጂ፤ አንድ ሳንቲም አልጨምርብሽም።”

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ልውውጥ አላገኘሁም። አስባለሁ አልኩት። በእውነት እያሰብኩ ነው። ግራ እጅ የማይጠይቅ ሞተር። አንድ ዓመት ያቆየኛል፣ ምናልባት ሁለት። ኬክ ጋጋሪው አያውቅም፣ እርባታው አያውቅም። እናቴ አራት ዓመት ቆይታለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በቀኝ እጇ ብቻ ስትሠራ ማንም አላወቀባትም። እኔ ግን አውቅ ነበር። እንቁላል ሲወድቅባት እኔ ነበርኩ የምጠርገው። “ያንሸራትታል” ስትል “አዎ” እላት ነበር።

መጨረሻ ላይ በማንኪያ ነበር የምትበላው፣ አጉራሿም ጎረቤት ነበረች። እኔ ገበያ ነበርኩ።

እሁድ፣ ሐምሌ 14

ልጄ ሞተሩን ልንዳ አለች። መንጃ ፈቃዱን ካወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግን እኔ አልለቅላትም ነበር። “ዝም ብሎ ከሚቆም፣ ትምህርት እስኪከፈት እኔ ላመላልስ። አባዬ ተቀምጧል፣ አንቺም ማረፍ አለብሽ። ባለ ሦስት እግር መከራየት እስከ መቼ?”

ቡሎን ካቦውን መልሶ ገጥሞት ስለነበር፣ ትምህርት ቤቷ ግቢ ወስጄ አሳየኋት። አባቷ ጀሶውን አቅፎ ግንብ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል። “ወደ ግራ! ኧረ ግራ! አስተማሪ ሆነሽ ግራና ቀኝ አታውቂም?” ጥሩ ነዳች። አምስት ዙር፣ ስድስት ዙር። ፊቷ አበራ፣ ልጅ ሆና አባቷ ፀጉሯን ሲያስተካክላት ያበራ እንደነበረው።

ከዚያ ቆመች። ሄልሜቷን ሳታወልቅ ግራ እጇን አራገፈች፣ ጣቶቿን ከፈተች፣ ዘጋች።

“እማዬ፣ ይሄ ክላች ከባድ ነው እኮ!”

አባቷ ሳቀ። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እጇን ያዝኩ። ገለበጥኩት። በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መካከል ያለውን ቦታ ጫን አደረግኩ። ሙሉ ነው። ሙሉ ይመስላል።

“ምን ሆንሽ?” አለችኝ። “ያመኛል አላልኩም፣ ከባድ ነው ነው ያልኩት።”

ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ጠዋት ቡሎን ገና ሳይከፍት በሩ ላይ ደረስኩ።

“ካቦውን እይልኝ። ከባድ ነው።”

“እትዬ...”

“ልጄ ናት ከባድ ነው ያለችው። እኔ አይደለሁም። እየው።”

አየው። ፈታው፣ ዘይት አደረገበት፣ መልሶ አሰረው፣ ሳበው። በሕይወቴ ዕቃ ብልሹ እንዲሆን ለምኜ አላውቅም። እባክህ ዝገት አግኝ፣ እባክህ አንድ የተበጠሰ ክር አግኝ በልቤ እያልኩ ቆሜ ነበር።

“ደህና ነው” አለ። ፊቴን አይቶ ቶሎ አከለ፦ “ግን ለጀማሪ ሁሉ ይከብዳል እኮ። እኔ ስጀምር ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ነበር። ልጅ ናት፣ ትለምደዋለች።”

“ካልለመደችውስ?”

ቡሎን በጨርቅ እጁን ጠረገ፣ ሌላውንም ጠረገ። “ያኔ ሞተር አይደለም ማለት ነው” አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የነገረኝ ዛሬ ነው፣ ለሱም ሂሳብ አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

ሃያ ትሪ። ደህና 596፣ የተሰነጠቀ 3፣ የፈሰሰ 1።

ልጄ ነድታ አመጣችው፣ ልጄ አጋጭታ ለየችው። ሦስት ሦስት አድርጋ በግራ መዳፏ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ በቀኝ እጄ ቁጥሩን ጻፍኩ። ድምፁን ነበር የምሰማው፤ የእንቁላሉን ሳይሆን የጣቶቿን። አንዱ ወደቀባት። ሳቀችና፣ “ይሄ ያንሸራትታል” አለች። ዝም ብላ ነው ያለችው። ማንም አላስተማራትም።

ባለቤቴ ሁሉን አይቷል። ልጄ ትሪ ልትመልስ ስትወጣ፣ “አለቃ” አለኝ፣ “እናትሽ በብርድ አልሞተችም አይደል?” ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። የተሰነጠቀ እንቁላል ከሩቅ የሚሰማ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። በብርድ አልሞተችም አልኩት። ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፣ ከባድ ነው፣ አልለመደውም።

ስለ ሞተሩ ወስኛለሁ። የሳቂታው ልውውጥ ጥሩ ነው፣ የተሻለ አይገኝም፣ ግን አልወስደውም። ግራ እጅ የማይጠይቅ ሞተር ስለ ግራ እጅ ምንም አይናገርም፤ እኔ ተቀምጬበት ሁለት ዓመት ልደበቅ እችላለሁ፣ ልጄም ተቀምጣበት ሳታውቅ ትኖራለች። ይህ አሮጌው ግን በየጠዋቱ ይጠይቃታል። ከከበደ ይከብዳል፣ ከቀለለ ይቀላል። ስንጥቅ የሚታወቀው ሲጋጭ ነው። ሳይጋጭ የሚሸጥ እንቁላል የሚሸተው በሌላ ሰው ቤት ነው።

ተለማምዳው ቢቀላት፣ እጇ ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ደጋግሜ ጽፌ ሰረዝኩት።

ነገ፦ ለሳቂታው ደውሎ ልውውጡ መቅረቱን መንገር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክሊኒክ፣ በእግር። ሐኪሟ “ማንም የለም” ብላ የጻፈችውን ማሰረዝ። እናቴን ማስጻፍ፣ ዕድሜዋን፣ ከየትኛው እጅ እንደጀመራት ጭምር። ልጄም አብራኝ ትግባ።